እግረ ጎራዳዋ «ቻ»

ማኅተም ቀራጭ ነኝ፣ ደሴ ፒያሳ፣ ከሰዓት ሠሪው ጎን፤
ስለት፣ የጎማ ቁራጭ፣ በክር የታሰረ መነጽር፣ ከሱም ሥር የደከመ ዓይን።
ማኅተም ሲቀረጽ ፊደል ይገለበጣል፣
ግራው ቀኝ ይሆናል፣ ኋለኛው ይቀድማል፤
ጎማው ላይ ሲያዩት ውሸት ነው የሚመስል፣
እውነቱ የሚወጣው ወረቀት ላይ ሲያርፍ ነው። እንዲህ ነበር የምል።

ያን ክረምት ቦርከና ከልኩ አልፎ ሞልቶ፣
ኮምቦልቻ ላይ የዳሩን ቤት ሁሉ ጠራርጎ በልቶ፣
ሰዉ ከትምህርት ቤት ወለል ላይ ተደርድሮ ተኝቶ፤
እኔ እዚህ ላይ ነበርኩ፣ ጉሜን ተከናንቤ፣
ወሬውን ከሚኒባስ ረዳት አፍ ሰብስቤ።

አንድ ሰው መጣ።
ጫማው ንጹሕ ነው፤ ጭቃ አልነካውም።
(ሐረጎን ወርዶ የወጣ ሰው በዚያ ዝናብ ንጹሕ ጫማ የለውም፤
ይሄን ያሰብኩት ግን በኋላ ነው፣ ፍርድ ቤት ስቆም።)
«ክብ ይሁን» አለኝ። «ዙሪያውን፦ የአደጋ ጊዜ መዝገብ፣ ኮምቦልቻ።
ለነገ ጠዋት። ሰው እያለቀ ነው፣ አትዘግይ ብቻ።»
ደብዳቤስ? አልኩት።
«ጎርፉ ደብዳቤ ይዞ መጣ?» አለና ሣቀ።
ሣቅኩ እኔም። እጥፍ ከፈለኝ። ጥያቄው አፌ ላይ ደረቀ።

በሻማ ነው የቀረጽኩት፣ መብራት ጠፍቶ፤
ስለቴ «ቻ» ላይ ሲደርስ ድንገት ተንሸራትቶ
እግሯን ጎረዳት። ጎማ አይጠገን፤ ትቼው ተኛሁ፣
ማን ያይብኛል ብዬ።
እኔው አየሁ።

አክስቴ ሉባባ፣ ፋብሪካው በር ላይ ቆሎ የምትሸጠው፣
ልጠይቃት ብወርድ፣ ከመሐረቧ ቋጠሮ ካርድ አወጣች፤ «እየው!
ተመዘገብኩ! ሰማንያ ብር ነው። ከጎርፍ የተረፉትን ሁለት ዶሮ ሸጥኩ።
ሰውዬው ግን ሰው ነው። ‹አብሽሪ እትዬ፣ ስንት ነፍስ ናችሁ?› ሲለኝ አለቀስኩ።
ስሜን እይ፣ እንዴት አሳምሮ ጽፎታል፣ እስከ አያቴ፤
አሁን ስንዴውም፣ ቆርቆሮውም ይመጣል እስከ ቤቴ።»

ቤቷ የታለና።
ወይን ጠጅ ቀለም። ክብ። ከክቡ ጠርዝ ላይ
«ቻ» በጎራዳ እግሯ ቆማ ቁልጭ ብላ ስትታይ።
«ጥሩ ነው» አልኳት። ሻይ ቀዳችልኝ። ጠጣሁ።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ።
በአራተኛው ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፣
የደንበኛ ደብተሬንና ስለቴን በፌስታል ይዤ።
በሦስቱ ቀን ሰባ አንድ ሰው ከፍሏል፤
ዐቃቤ ሕጉ ስማቸውን አንድ በአንድ አንብቧል፣
እኔን ሳያይ። ባየኝ ይሻለኝ ነበር።

ተከሳሽ ደምስ ኑርዬ፦
ሳይሾም ተሿሚ ነኝ ማለቱ፣
ሐሰተኛ ማኅተም መምታቱ፣
አታሎ ገንዘብ መውሰዱ። «ይህንም ያደረገው» አለች ዳኛዋ፣
ድምፅዋ እዚህ ላይ ዝቅ ብሎ፣ «ሰው ውሃ ሲወስደው ነውና፣
ቅጣቱን ያከብድበታል።»
ሰባት ዓመት ከሁለት ወር፤ የገንዘብ መቀጮም ከላዩ።
ለእኔ ስምንት ወር፣ በገደብ። እግሮቼ ቀለሉ፤ አፈርኩባቸው ወዲያው።

«የሚናገር አለ?»
ሉባባ እጇን አነሣች። ዶሮዎቿን የምትጠይቅ መሰለኝ።
«ካርዴ ይመለስልኝ።»
«እናቴ፣ ማስረጃ ነው እኮ፤ ደግሞም ሐሰተኛ ነው።»
«ማኅተሙ ነዋ። ስሜ ሐሰት አይደለም፤ እኔው ነኝ የነገርኩት።
እሱ ሌባ ነው፣ እሰሩት፣ እሰየው፤
ግን እስካሁን መጥቶ ስምሽ ማነው ያለኝ
እሱ ብቻ ነው።
እውነተኛው መዝጋቢ እስኪመጣ ይዤው ልቆይ።»

ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ፤ ይጻፈው አይጻፈው አላወቀም።
ዳኛዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ ንጹሕ የነበረውን።
ከመስኮቱ ማዶ ጦሳ በጉም ተውጦ የለም።

ፋይሉ ታሰረ፣ በቀይ ክር፤
ካርዱም እውስጡ ቀረ፦
ሉባባ አረቡ ይማም። አራት ነፍስ።