ሞተሩን ያላጠፋሁበት ሌሊት

አት ባሺ ላይ ብርድ ሲመጣ አያንኳኳም በር፤
በቁልፍ ቀዳዳ ሾልኮ ገብቶ ያድራል ከሰው ጋር።
እኔም በዚያ ወራት ሥራ ነበረኝ፣ ማታ ማታ፦
የላዳዬን ባትሪ ፈትቼ፣ እንደ ክረምት ግልገል አቅፌ በዝምታ፣
ከምድጃው ጥግ፣ ከሚነደው ኩበት አጠገብ ማስተኛት፣
ባና ማልበስ፤ ጠዋት ደግሞ መልሶ ማሰር፣ በደነዘዘ ጣት።

ባለቤቴ ጃኒል አዋላጅ ናት፤ የሦስት መንደር ሕፃን በእጇ ነው ያለፈ።
«ይኼ ባትሪ» ትለኛለች፣ «ከእኔ ይልቅ እሳት ሞቀ፣ ከእኔ ይልቅ ታቀፈ።»
እስቃለሁ። «ይችን ክረምት ብቻ» እላለሁ።
አምናም ይህንኑ ብዬ ነበር፤ ካቻምናም ብያለሁ።

ምልክቱ አልጠፋኝም።
ቁልፉን ስጠመዝዝ ሞተሩ እንደ ድሮው በአንድ አፍ አይነሣም፤
ክር… ክር… ክ…ር ይላል፣ ዳገት ላይ እንደሚያርፍ ሽማግሌ፤
ፊት ለፊቴ ያለው መብራት ይጨፈናል፣ ይገለጣል፣ እንደ ደከመው ዓይኔ።
ጫፎቹ ላይ ሻጋታ የመሰለ ነጭ አረንጓዴ አበባ አብቧል፤
በፍል ውሃና በሶዳ ጠረግሁት፤ በሳምንቱ ተመልሶ መጥቷል።
ጎኑም ትንሽ አብጧል፣ እንደ ቂም።
ክዳኑ ላይ የታተመው ዓመት ሲቆጠር ስድስት ነው፤ እኔ ግን አልቆጥርም።

መካኒኩ ሜደርቤክ ነግሮኛል፦ «በመለኪያው አትኩራ፤
ተኝቶ ሲለካ ሁሉም ጤነኛ ነው፤ ሸክም ስጠውና ጉዱን አጣራ።
አሥራ ሁለት ነጥብ አምስት ያሳይሃል፣ ኩሩ፤
ቁልፉን ጠምዝዝ፤ ወደ ስምንት ሲወርድ ታያለህ፣ ይኸው ነው ምስጢሩ።
ብርድ ደግሞ ገዳይ አይደለም፤ ብርድ ምስክር ነው፤
የገደለው የበጋው ሐሩር ነበር፣ አንተ መርዶውን አሁን ነው የምትሰማው።»
ሻዩን ጠጣሁ፣ አመሰገንሁ፣ ባትሪዬን አቅፌ ወጣሁ።

አንድ ሌሊት፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት ሲወርድ በቆጠራ፣
ከሸለቆው ማዶ ስልክ ጮኸ፦ «ምጧ ጠና፤ ጃኒል ትድረስልን፣ አደራ!»
ባትሪውን ከምድጃው ጥግ ይዤ ሮጥሁ፤ እጄ ከብረቱ ተጣበቀ፤
ክር አለ። ዝም አለ። ክ…ር አለ። አላህ ይስጠው፣ ሦስተኛው ላይ ሳቀ።

ደረስን። ጃኒል ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወረደች፣ በሩ ተዘጋ።
እኔ አልወረድሁም። እጄ ቁልፉ ላይ ደረሰ፣
ተመለሰ፤
ሞተሩን ለማጥፋት ፈራሁ። እንደ ፈራሁ ነጋ።
አንዴ ካጠፋሁት የሚነሣ አልመሰለኝም፤
በዚያ ሸለቆ ሌላ መኪና የለም።
አምስት ሰዓት ሙሉ
ቤንዚኑ ሲያልቅ፣ ጭሱ በረዶው ላይ ሲነጠፍ፣ ከዋክብቱም እንደ ጠበቀ ብሎን እንዳሉ፣
በመስኮቱ ጥላ ሲያልፍ አየሁ፤ ፎጣ ሲጨመቅ፣ እጅ ሲወራጭ፤
ጩኸትም ነበረ ይሆናል፤ ሞተሩ ዋጠው፤ አልሰማሁም ከደጅ።

ሲነጋ ጃኒል ወጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ እጅጌዋ ረጥቧል፤
«ሴት ናት» አለች። «ጉሮሮዋን ብትሰማ! የተኛውን ውሻ ሁሉ ቀስቅሷል።
አልሰማህም?»
አልሰማሁም።
በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር እንደዚያ ያፈርሁበት ጠዋት የለም።

ያን ጊዜ ገባኝ፦ ባትሪ የሚሞተው መኪናው እምቢ ያለ ቀን አይደለም፤
ሞተር ማጥፋት የፈራህ ሌሊት ነው። ከዚያ ወዲያ ባና ቢደረብለት፣ ኩበት ቢነድለት፣ አይድንም።

ቅዳሜ ናሪን ወረድሁ፤ አንዲት በግ ሸጥሁ፣ አዲሱን ገዛሁ፤
አሮጌውን ባለሱቁ ለእርሳሱ ሲል መዘነው፤ ስድስት ዓመት ላቀፍሁት ነገር በኪሎ ተከፍሎኝ ወጣሁ።
ሜደርቤክ ጫፎቹን ግራሶ ቀባ፣ አጠበቀ፣ ቀኑን በሚስማር ጫረበት፤
«ከአራት ዓመት በኋላ ና» አለኝ፤ «ሳትፈራ በፊት።»

ስመለስ፣ ድልድዩ ላይ፣ ከሰውም ከቤትም ርቄ፣
መኪናዋን አቆምሁ፤ ሞተሩን አጠፋሁ፣ አውቄ።
ዝምታ። ከዚያ፣ ከበረዶው ሥር፣ ወንዙ።
ስንት ዓመት በላዩ ተመላልሻለሁ፣ ድምፅ እንዳለው ሳላውቅ።
ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። አልቸኮልሁም።

ማታ ቤት ስገባ፣ ከምድጃው ጥግ፣
ባናውን እግሯ ላይ ጠቅልላ ጃኒል ተኝታለች።