ሠላሳ ሰባት ቁጥር

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ትጥቅ ያዥ ነኝ እኔ፤
ጎል አይደለም፣ ካልሲ ነው የቆጠረው ዓይኔ።
የማን ጫማ እንደሚጠብ፣ የማን ተረከዝ እንደሚደማ፣
ማን ከጨዋታ በፊት እንደሚያስመልሰው፣ ማን እንደሚያማ፣
ከአሠልጣኙ ቀድሜ አውቃለሁ፤
ጠያቂ ስለሌለኝ አጥፌ አስቀምጣለሁ።

ነዚፍ አባ መጫ በነሐሴ መጣ፣
ከመንደራ በባጃጅ፣ ጫማው በፌስታል፣ ከንፈሩ በብርድ የነጣ።
አጎቱ «አሥራ ሰባት ሞልቶታል» ሲል ማለ፤
ልጁ ግን ጣራውን እያየ ዝም አለ።

ከአንድ እስከ ሠላሳ ባለቤት አለው ሁሉም።
የተረፈው አንድ ማሊያ ነው፣ የማይለበስም የማይጣልም፤
ደመወዙን ሳይቀበል የሄደ የአንድ አጥቂ ልብስ።
ስሙን በምላጭ ፋቅሁት፣ በጋዝ አሸሁት፤
ፊደሉ ለቀቀ፣ ጥላው ጨርቁ ላይ ቀረ።
በዚያ ጥላ ላይ «ነዚፍ» ብዬ ተኮስኩት።
ብርሃን ላይ ዘርግቶ አየው።
«ከሥሩ ሌላ ሰው አለ፣» አለኝ።
«ሁሌም አለ፣» አልኩት፣ «ልበሰው።»

ጥቅምት አግዳሚ ወንበር። ኅዳር አግዳሚ ወንበር።
የጅማ በርጩማስ ሦስት እግር ይዞ ለመቀመጫ ተጠረበ፤
ይሄ ልጅ በሁለት እግሩ
ስለምን ተቀመጠ?

ቅዳሜ ማታ አጂፕ፣ ከጋራዡ ጀርባ፣
ሳንቲም ለቃቅመን ዲኤስቲቪ ቤት ስንገባ፣
አንድ የእንግሊዝ ልጅ አየን፣ የነዚፍ እኩያ፣
ጆሮው በብርድ የቀላ፣ ሰፊ የለበሰ ማሊያ፣
ከትልቁ ክለብ ለትንሹ በውሰት የተሰጠ።
ሰማንያ ስምንት ላይ ገባ።
ቤቱ ሙሉ የወጣውን ያማል፤
የገባውን ስሙን እንኳ ማን ያውቃል?
ነዚፍ ብቻ ከነወንበሩ ወደ ፊት ተጎተተ።
ልጁ ኳስ ሳይነካ ፊሽካው ተነፋ።

በአዌቱ ድልድይ ስንሻገር፦
«ውሰት ማለት፣ ይመለሳል ማለት ነው?»
«እንጃ። እናቴ ወንፊት ታውስ ነበር።
አንዳንዱ ይመለሳል።
የተመለሰውም ቢሆን
የሰው ቤት ዱቄት ይዞ ነው።»

ሚያዝያ ላይ፣ ሰማዩ ከጅሬን በኩል ጠቁሮ፣
ሁለት ለዜሮ እየተመራን፣ ሜዳው ጭቃ አቁሮ፣
አሠልጣኙ ዞሮ በጣቱ ጠራ።
ነዚፍ ወደ ኋላው አየ፣
ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት።
ሰማንያ ስድስት ነበር። እጅጌውን ሁለቴ አጠፍኩለት።

ሦስት ጊዜ ነካ።
(ያን ቀን ካልሲ ሳይሆን ይሄን ቆጠርኩ።)
አንዷን ለሰጠው መለሰ።
አንዷ ከጉልበቱ ሾልካ ወጣች።
ሦስተኛዋን በግራ እግሩ ጠርዝ ቆረጣት፣
በሁለት ተከላካይ መሃል ጭቃውን ቀዳ አለፈች፤
አጥቂያችን ወደ ሰማይ ሰደዳት።
ከጥላ ፎቁ አንድ ድምፅ፦ «ማነው ይሄ?»
ይህችን «ማነው» ልጁ ሰምቷታል።
እስከ መንደራ በባጃጅ፣ እንደ ከረሜላ
ከአንዱ ጉንጭ ወደ አንዱ ሲያገላብጣት
ሳየው አመሸሁ።

ማታ በገንዳ ዘፈዘፍኩ። ውሃው ቀላ።
የእሱ ማሊያ የአራት ደቂቃ ጭቃ ብቻ ነው ያለው፤
እንደ ሌላው ሁሉ አሸሁት።
«ነ» ከጫፉ መላጥ ጀመረ።

ሰኔ ሲገባ ወረቀት መጣ፤
ውሰት፣ አንድ ዓመት፣ ወደ ሚዛን።
አጎቱ አላነበበውም፣ አሠልጣኙ አላብራራውም።
እኔ ሁለት ጥንድ ካልሲ ሰረቅኩለት፤
በመዝገቡ ላይ «ጠፋ» ብዬ ጻፍኩ።

መስከረም ላይ ደወለ። መስመሩ ይቆራረጣል።
እዚያ እንደሚሰለፍ፣ ሜዳው ላይ ላም እንደሚገባ፣
ሙቀቱ ሳንባ እንደሚያቃጥል ነገረኝ።
ስለ ክለቡ አልጠየቀም፣ ስለ ውጤቱም።
ዝም አለና፦
«ሠላሳ ሰባትን ማን ለበሰው?»

ከፊቴ አንድ ልጅ ቆሟል፣ ከሰቃ የመጣ፣
ጫማውን በፌስታል ይዞ።
ማሊያው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ በሁለት ስም ጥላ ላይ
ሦስተኛው ግማሽ ድረስ ተተኩሷል።

«ማንም፣» አልኩት።
ካውያው በእጄ እንደጋለ ነበር።