የእርሳስ ዋጋ

ኢላሪዮ ዛሬ ጉልበቱን ታመመ፤
የእሑድ ገበያ ግን ለማን ብሎ ቆመ?
ሞንቴቪዴዮ ላይ ዝናቡ ሲያባራ
የኔን ቁልፎችና የሱን ዕቃ ተራ
ባንድ ሸራ ሥር አርጌ፣ ባንድ አፍ ስጣራ
ዋልሁ።

እኔ የምሸጠው በር የሌለው ቁልፍ፣
እሱ የሚለቅመው ከሲኒማ ደጃፍ፣
ከማተሚያ ቤት ጓሮ፣ ከመጽሐፍ ጠርዝ ጫፍ
የወደቀ ነገር፤ ሌላው ረግጦት የሚያልፍ።

«ዙልማ» አለኝ በስልክ፣ «ዕቃ ብቻ አትሽጪ፤
መጀመሪያ ታሪክ፣ ከዚያ ዋጋ አምጪ፤
ካላመኑሽ ደግሞ ሳቂና አምልጪ።
እርሳሷን ቢጠይቁሽ የእርሳስ ዋጋ በይ።
ሌላ ምንም አትበይ።»

ይኸው ጀመርኩ፦

«ይህ የጽሕፈት መኪና "ር"ን አያውቃት፤
መዶሻዋ ወልቆ የቀረው ክፍተት።
ኦዲሊያ ባርሶላ፣ የፍቅር ደራሲት፣
ማሠሪያ ሳንቲሙን ከየት ታምጣው፣ ከየት?
ሃያ ሦስት ልቦለድ ጻፈች ባንድ ጉድለት፤
"ፍቅር" የሚል ቃል ግን አንዴም ሳይገኝበት።
አንባቢ ምን አለ? "አቤት ቁጥብነት!"

«ድምፅ ማጉያው ደግሞ የባልታሳር ኬሎ።
መቶ አርባ ሽፍታ በሱ ድምፅ ተገድሎ፣
በሱ ድምፅ ፎክሮ፣ በሱ ድምፅ ተሰቅሎ፣
እሱ ራሱ ግን ዳቦ ቤት ገብቶ "ሁ... ሁ... ሁለት" ብሎ
ሳይጨርስ ይመጣል ሻጩ ሦስት ጠቅሎ።

«ፖስተሩ ላይ ቁጠሩ፤ ጀግናው ስድስት ጣት አለው፤
ሠዓሊው ጠጥቶ ነው? እንጃ፣ ምን እንደነካው።
የሰፈሩ ልጆች፦ "ለዚህ ነዋ ሽጉጥ ሲመዝ የሚፈጥነው!"
ተዋናዩ መጥቶ ይህን ወሬ ሲሰማው
ጓንት አጥልቆ ሰነበተ እንጂ አላስተባበለው።»

አንድ ሰውዬ ሳቀ። ሚስቱ ክንዱን ጎተተች።
ከቁልፎቼ መሃል አንዷ ተሸጠች።

ሪባኑ ጋ ስደርስ ድምፄ ዝቅ አለብኝ፤
ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ያ ሳምንት አይጠፋኝ።
በሬዲዮ ድራማ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣
ልብስ ሰፊዋ ኤርሚንዳ ሞተች በድንገት።
አውቶቡስ ነጂው ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ፤
አባቴ፣ ያ ደረቅ፣ ሾርባው ላይ ተንሰቀሰቀ።
በማግስቱ ጣቢያው በአበባ ታጠረ፤
ባንዱ ጉንጉን ሪባን እንዲህ ተጽፎ ነበረ፦
«ለኤርሚንዳ። ቀሚሴ ሳያልቅ ሄድሽ።»

ያልነበረች ልጅ። ያልተሰፋ ቀሚስ።
እውነተኛ አበባ፣ ዱቤ የተገዛ።

አንዲት ተማሪ ልጅ፣ ቴርሞስ በብብቷ፣
ጎንበስ አለች፤ ጸጉሯ ወርዶ በፊቷ፤
«ይቺስ የማን ነበረች?»
                 እርሳስ። አጭር።
ጥርስ የበላት ጫፏን፣ ቀለሟ የተላጠ፣
ሪባኑ ሥር ገብታ ራሷን የሸሸገች።

አውቃለሁ የማን እንደሆነች።
አንድ የክረምት ማታ ወይን ጠጅ አናግሮት
ነግሮኛል። ከዚያ ወዲህ አንስተነው አናውቅም።

ያን ሳምንት ደራሲው በመጠጥ ወድቆ
ተላላኪው ልጅ ነው፣ ከደረጃ ሥር ተደብቆ
የመጨረሻውን ገጽ የጻፈው ተጨንቆ።
ትዕዛዙ ግልጽ ነበር፦ ኤርሚንዳ ትድናለች፤
ሐኪሙ ይደርሳል፤ ሰኞ ትሞሸራለች።
አሥራ ስድስት ዓመቱ። ማክሰኞ እናቱን ቀብሮ
ሐሙስ ሥራ ገባ። እናቱ ልብስ ሰፊ ነበረች።
የሚድን ሰው እንዴት እንደሚጻፍ አላወቀም።

«የእርሳስ ዋጋ» አልኳት።

ቴርሞስ ባንዱ እጇ፣ መጽሐፍ በሌላው፣
ሳንቲም ስትፈልግ ማስቀመጫ ቢያጥራት
እርሳሷን በጥርሷ ያዘች፤
እዚያው፣ የሱ ጥርስ ባለበት።

ማታ ደወለልኝ። «ምን ተሸጠ ዛሬ?»
«አንድ ቁልፍ፣ ፖስተሩ፣ ለማኝ የሰማው ወሬ...
እርሳሷም ሄዳለች። አንዲት ተማሪ ናት።»

ዝም አለ። ጉልበቱን ሲያሸው ይሰማኛል።
ከዚያ፦ «ትጽፋለች ወይ?»

ስለ እርሳሷ ይሁን ስለ ልጅቷ
አልጠየቅሁትም።