ትርፍ

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ፣ አስፋልቱ ሲሰንፍ፣
ከሕንጻ ሰባት ሥር፣ ከጭቃው አፋፍ፣
ሱቄ ሁለት በሁለት፣ ማሽኔ አሮጌ ነው፤
ወረቀት ሲጎርስ ነው ሳል የሚጀምረው።

አንዳንዴ ሁለት ገጽ ተጣብቀው ይገባሉ፣
አንድ ነን ብለው፣ አብረው ይዋጣሉ።
ጠርዙን አራግፌ እፍ እለዋለሁ፤
ካለፈ ግን አለፈ፣ ምን አደርገዋለሁ።

በሰኔ፣ ማትሪኩ ደጅ ላይ ሲደርስ፣
ኦብሴ መጣች በዝናብ ስትበሰብስ፤
ኖቷን በፌስታል ጠቅልላ፣ ራሷን ረስታ፤
ርእሱ «ዘረመል» ነው፣ በቀይ አስምራበት፣ አብዝታ።

እኔ የሰው ጽሑፍ አላነብም፤ ደንቤ ነው።
(ኑዛዜ፣ የፍቺ ወረቀት፣ የእቁብ ክስ፣
ስንቱ ነው በዚህ መስታወት ያለፈው!)
ያን ቀን ግን አነበብሁ።

በአራት ፊደል ብቻ ይጻፋል ይላል ሰው፤
ኤ ከቲ ይጋባል፣ ጂ ሲን ነው የሚያቅፈው።
መሰላል ነው ይላል፣ ተጠምዝዞ የቆመ፣
በየሕዋሱ ጓዳ ተጠቅልሎ የታተመ።
ሊባዛ ሲል መሐሉ እንደ ዚፕ ይከፈታል፤
ግማሹ ብቻውን የጎደለውን ያስታውሳል።
ይህን ማሽን ማን ሠራው? ቶነር የሌለበት፣
መብራት ኃይል ሲያጠፋ የማይቆምበት!

ሰው አርባ ስድስት ነው፣ ሃያ ሦስት ጥንድ፤
ከእናትም ከአባትም፣ በየጥንዱ አንድ አንድ።
ሥዕሉ ላይ ከትልቅ ወደ ትንሽ ተሰልፈዋል፣
ዓርብ ቀን መስጊድ በር እንዳለ ጫማ ተደርድረዋል።

ሃያ አንደኛው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ።
ሁለት አይደሉም። ሦስት ናቸው።
ሥሩ ላይ ስም አለ። ያን ስም አውቀዋለሁ፤
ከሆስፒታል፣ ረጅም አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ።

አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።
ሐኪሟ ወረቀት ላይ ጥንድ ጥንድ መስመር ሠርታ፣
«አንድ ትርፍ አለ» አለችን፣ መጨረሻው ላይ በእስኪርብቶ መትታ።
ስንዱ አየችኝ፣ አየኋት፤ ሳቅ አመለጠን፤
ሐኪሟ ደነገጠች።
ምን ታድርግ? የካርዱን ስም አላየች፤
ልጃችን ትርፌ ትባላለች።
ሁለት ቀብረን ነበር፤ በተወለደች ማግስት፣
ከኪሳራ ላይ የተገኘች ናት ብለን ያወጣንላት።
ያለቀስነው በኋላ ነው፣ ደረጃውን ስንወርድ።

ሰፈሩ ሒሳብ ያውቃል፤ «ከማን ወገን ይሆን?» አለ።
አማቴ ሰባት ቤት ቆጠረች፣ ጣቷን እያጠፈች፣
ቅድመ አያቶቼን በሌሊት ቀሰቀሰች፤
«ዘር ከልጓም ይስባል» ብላ ወደኔ አየች።
እህቴ ደግሞ ወደ ስንዱ።
ያ ልጓም በመሐላችን ስንት ዓመት ተጎተተ!

የኦብሴ ኖት ግን በአንድ መስመር ይፈርዳል፦
«አብዛኛውን ጊዜ አይወረስም፤
ሕዋስ ሲከፈል ጥንዱ ሳይለያይ አብሮ ይሄዳል።»
ይኸው ነው። ሁለት ገጽ ተጣብቆ አለፈ።
ማንም አልረገመን፣ የማንም ቤት መዝገብ አልጎደፈ።

የወረሰችውማ ሌላ ነው፤ ፍንጭቷ የስንዱ፣ ጆሮዋ የኔ፣
ስትቆጣ አንድ ቅንድቧን ማንሳቷ የአባቴ፣
ከመወለዷ በፊት የሞተው።
መዳፏ ላይ ያለችው አንዲት መስመር፣ ከዳር እስከ ዳር፣
እሷ ከማንም አልመጣችም።
«ትርፍ አለ፣ ተጠጉ!» ሲል የታክሲው ረዳት፣
«አቤት!» ትለዋለች፣ በስሟ የጠራት መስሏት።

ያን ቀን ስቴፕለሩን ይዛ ከጎኔ ነበረች።
እኔ ሳነብ፣ ወረፋው ሲረዝም፣ ሰለቻት መሰለኝ፤
ክዳኑን ከፍታ እጇን መስታወቱ ላይ አስተኛች፣
አረንጓዴውን ተጫነች።
መዳፏ ወጣ፤ ሰፊ፣ ትኩስ፣
ያች አንዷ መስመር ጎልታ።

ኦብሴ ቆጠረች። «አርባ ሰባት» አለች።
«የአርባ ስድስቱን ክፈይ» አልኋት።
መዳፉን አላወጣችውም፤
ከዘረመሉ መሐል እንዳለ ፌስታሉን አሰረች።

ዝናቡ አላባራም።
ትርፌ ጣቷ አረንጓዴው ላይ ነው፤
ማሽኑ ያስላል።