ጥልቀቱ ስንት ነው

ይግቡ፣ ይግቡ እመቤቴ! ጫማዎን አያውልቁ፤
ደረጃው ላይ ብቻ ያንሸራትታል፣ ይጠንቀቁ።
አየሩን ይሳቡት፤ ሱሉልታ ነው፣ ከእንጦጦ ጀርባ፤
የአዲስ አበባ ጭስ የለ፣ የታክሲ ጡሩምባ።
እብነ በረዱ ከጣልያን፣ መዝጊያው ከጥቁር እንጨት፣
ሁለት ሺህ ካሬ ነው፣ ካርታው ክስ የሌለበት።
ይሄኛው ትልቁ ሳሎን፣ ሠርግ ይደገስበታል፤
ያኛው ትንሹ ሳሎን፣ ለለቅሶም ቢሆን ይበቃል።
ጂም አለው፣ ሳውና አለው፣ ስቲም አለው፣ ጃኩዚ፤
ከተማ መውረድ ቀረ፣ ሁሉም ነገር አለ እዚ።
ሊፍቱ ለሁለት ፎቅ ነው። ይስቃሉ? ይሳቁ፤
ጉልበትዎ የከዳ ዕለት፣ ያኔ ጥቅሙን ይወቁ።

ይሄን ሁሉ በቃሌ፣ ሳልዘል አንዲት ቃልም፣
ስድስት ዓመት ደገምኩት፤ የሰማኝ አልገዛም።
ለኔ ሁለት ፐርሰንት፤ ሁለት ብቻ፤
የኪራዬ፣ የዱቤዬ፣ ከሰው ፊት ማምለጫ።
ባለቤቱን አላውቀውም፤ የማውቀው ድምፁን ነው፤
ከዱባይ ይደውላል፤ «አልተሸጠም?» ሰላምታው ነው።
አንድ ሌሊት አላደረበትም።
ፍራሾቹ በላስቲክ እንደ ተጠቀለሉ፣
ሙሽራው እንደ ቀረባቸው ሚዜዎች
ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቃሉ።

ከሳሎኑ ጥግ አንዲት ስንጥቅ አለች፣ ፀጉር የምታህል፤
እመቤቴ በዞሩ ቁጥር
ጀርባዬን አስጠግቼ እሰቀላለሁ፣ እንደ ሥዕል።
ዘበኛው ያዴሳ ነግሮኛል፦ ቤት ሳይኖር፣ እዚሁ፣
ምስር ሲዘሩበት፣
«ይቺ ጥግ ውሃ ታቁራለች» ይል ነበር አባቱ።
መሐንዲሱ ግን ያዴሳን አልጠየቀም።
ማን ዘበኛ ይጠይቃል?
እኔም የጠየቅኩት ሻይ ስንጠጣ ነው፣ ጨዋታ ሲያልቅ።

«ውሃውስ?» አሉ እመቤቴ።
ውሃማ... ሐሙስ ሌሊት ይመጣል፤
ሐሙስ ካልመጣ፣ ቦቴ ይጠራል።
«መዋኛውስ?»
ወደ ጓሮ ወጣን።

ሰማያዊ ሞዛይክ፣ ሃያ አምስት ሜትር፣ መብራቱ ከሥር፤
ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ያልጠገበ፣ አፉን የከፈተ ባሕር።
ሐምሌና ነሐሴን ለእንቁራሪት ያከራያል፤
መስከረም ሲጠባ ትለቃለች፤ ያዴሳ ጠርጎ ይረከባል።
ቀሪውን ዓመት የቢፍቱ ነው።

ቅልል! አለ ደወል፣ ከገንዳው ወለል።
«ሰው አለ እንዴ?» አሉ።
አለ ልበል? የለም ልበል?
የያዴሳ ልጅ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣
ሰንሰለቱ በሽቦ በታሰረ ብስክሌት
ከጥልቁ ተነስታ ዳገቱን ስትወጣ፣
እግሯ ፔዳሉን ሲስት፣ መሪው ሲያመልጣት፣
ወደቀች። ተነሳች።
እኛን ስታይ ደወሏን በመዳፏ አፈነች።

እመቤቴ ጎንበስ ብለው ግድግዳውን አዩ።
በቀለም የተጻፈው የጥልቀቱ ቁጥር ነው፣ የደበዘዘው፤
አጠገቡ፣ በከሰል፣ መሰላል የመሰለው
የያዴሳ እጅ ነው፤ በየዓመቱ፣ በመስከረም፣
ልጁን ባዶ እግሯን አቁሞ ይለካታል። ስድስት ጭረት።
የታችኛው ወገቤ ጋ አይደርስም።
የላይኛው፦ አንድ ሜትር ከሃያ።
«ይሄ ይጸዳል» አልኳቸው፣
«በአንድ ባልዲ፣ በትንሽ ሳሙና።»
እመቤቴ መልስ አልሰጡኝም፤
ቢፍቱ ሰማችኝ፤ እንደ ሰማችኝ አውቃለሁ።

ማታ ስልኬ ጮኸ። የገዢ ድምፅ ነው፤ ለየሁት፤
ስድስት ዓመት የጠበቅኩት።
ሁለት ፐርሰንቴን በልቤ አባዛሁ፣
ኪራይ ቀነስኩ፣ ዱቤ ቀነስኩ፣ ገና ብዙ ቀረኝ።
«የልጅ ልጆች አሉኝ» አሉኝ፣
«ቁጥሩ ደብዝዟል፤ ስንት ነው ጥልቀቱ?»
አፌ የለመደውን ሊል ተከፍቶ፣
«አንድ ሜትር ከሃያ» አልኩ፣ «እስከ ዘንድሮ መስከረም።»
«ምን አሉኝ?»

ሁለት ሜትር ነው እመቤቴ። ሁለት ሜትር።
ቦቴውን እኔው እጠራለሁ።