ሰባተኛው ጠርሙስ

ፋብሪካው ዛሬ ምን ጨርቅ ነከረ?
ከአቃቂ በታች ማንም አይጠይቅም፤ ወንዙ ተናገረ።
ሰኞ ቀይ ከወረደ፣ የተማሪ ሹራብ፤
ማክሰኞ ሰማያዊ፣ የሠራተኛ ቱታ፤
ሐሙስ ስም የሌለው መልክ፣
ጉበትና ሐሞት የተደባለቀ የሚመስል፣ ከጠዋት እስከ ማታ።
እኔ በዚያው ውሃ ቆስጣ አጠጣለሁ፤
ስታጠብ ጥፍሬን አይቼ የዕለቱን አውቃለሁ።

ሸምሲያ የመጣችው በጥቅምት ማብቂያ፣
በጀርባዋ ቃጫ፣ በእጇ ደብተርና የሙቀት መለኪያ።
«ጋሽ ጉደታ፣ ጣራዎን ያከራዩኝ።»
«ቤቱን ማለትሽ ነው?»
«ቤቱ ይቅር፤ ቆርቆሮው ላይ የሚያርፈውን ፀሐይ።»
ስልሳ ዓመት ኖሬ ፀሐይ ሲከራይ አልሰማሁም፤
ቀብዱን ግን አልመለስኩም።

ቃጫውን እናቷ ናት ከእንደጋኝ የላከች፣
እንሰቱን ፍቃ፣ ቆጮውን አስቀርታ፣ ጭረቱን የሰጠች።
ልጅቱ ቀቀለችው፣ በሶዳ አነጣችው፣
እንደ ሙቅ አሟምታ ከነጭ ዱቄት ጋራ አዋሐደችው፤
ከዚያ በመርፌ ጫፍ ጠብ፣
ጠብ፣
ጠብ፤
ሳህን ሙሉ እንክብል፣ ከሽንብራ የሚያንስ።
«ዱቄቱ ፀሐይ ሲነካው ይነቃል፤ ቀለሙን ይበጣጥሳል።
ብቻውን ከለቀቁት ግን ከውሃው ጋራ ይሄዳል» አለችኝ።
ይሄኔ ገባኝ፦
ቃጫ ድሮም ሥራው ማሰር ነው።
ጆንያ አስሬበታለሁ፣ ጥጃ አስሬበታለሁ፤
ዱቄት ሲያስር ግን ገና አሁን አየሁ።

ሰባት ጠርሙስ ሞላን ከማክሰኞው ውሃ፤ በየአንዳንዱ እፍኝ እንክብል።
ስድስቱን ጣራው ላይ ደረደረች፣
ሰባተኛውን በጆንያ ሸፈነች።
«ይሄስ ምን አጠፋ?»
«እሱ ምስክር ነው። ጨለማ ውስጥ ሆኖ ካልጠራ
ሥራው የፀሐይ መሆኑ ይታወቃል።»

ከጠዋቱ ሦስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት
መሰላሉ ሥር ቆሜ አንጋጠጥኩ።
ሰማያዊው ሳሳ፣ ብዙ እንደታጠበ ጥለት፤
ደመና ሲመጣ ቆመ፣ ደመና ሲያልፍ ቀጠለ።
በዘጠኝ ሰዓት የየረር ተራራ
ጠርሙሱ ውስጥ ተገልብጦ ታየ።
ባለቤቴ አስካለ፦ «ጠበል ነው እንዴ?»
«ጠበልስ አይደለም፣ እንዳትጠጡት።
የጠፋው ቀለሙ ነው፤ የቀረው ገና ይመረመራል።»

በማግስቱ እንደገና ሞላን፣ እንደገና ሸፈነች።
ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ መሰላሉን ወጣሁ።
አንዱ ብቻ ጨለማ ውስጥ መቅረቱ ሆዴን በላኝ፤
ጆንያውን ገፈፍኩለት።
ተመልሳ አየች። ዝም አለች። ደብተሯን ገለጠች፦
«ሰባተኛው ጠርሙስ፣ በርኅራኄ ምክንያት ተበላሸ።»
ከዚያ ሳቀች፣ እስክታስል።

እኔን ግን ሌላ ነገር ይዞኝ ነበር፦
«ልጄ፣ ወንዙ ስንት ጠርሙስ ነው?»
እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰካች። ቁልቁል አየች።
አልመለሰችልኝም፤
እንክብሎቹን በወንፊት ለቀመች፣ አጠበች፣ ለነገ አሰጣች።
ከታች ወንዙ አረንጓዴ ሆኖ ይወርዳል፤
አዲስ ጨርቅ መሆን አለበት።