የማይሠራው ሰዓት

ያኔ የቀበሌው ጸሐፊ ነበርኩኝ፤
ካርቦንና ማኅተም፣ መዝገብ ያሸከሙኝ።
የሰው ቃል በካርቦን ሦስት እያወረድሁ፣
ለከፍተኛው አንዱን፣ ለአሳሪው አንዱን፣ አንዱን እየቀበርሁ።

ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ መደዳ፣
ከደረጃው በታች፣ ከግንቡ ጓዳ፣
ላምቤቦ የሚባል ሰዓት ሠሪ ነበር፤
ካንድ ዓይኑ የማይወርድ ጥቁር መነጽር፣
ጉልበቱ ላይ ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ ጥርሳጥርስ፣
ከጤፍ የደቀቀ፣ ባንድ ትንፋሽ የሚፈርስ።

መስታወቱ ላይ ትልቅ ሰዓት ሰቅሏል፤
ዘወትር ይሳሳታል።
ማዘጋጃ ቤቱ ስምንት ሲል ከላይ፣
የእርሱ አሥር ተኩል ነው፤ ነገ ደግሞ ሲታይ
ሩብ ጉዳይ ለአንድ።
እንስቅ ነበረ፦
«ቀጥቃጩ ቢላ አጥቶ በጥርሱ መተረ።»

እኛ ስንስቅበት፣ የሚያነበው ያነበው ኖሯል።
የአውቶቡስ ትኬት ቆራጯ ቀና ብላ ታልፋለች፤
ነርሱ ክራቫቱን ሊያስተካክል መስሎ ይቆማል።
ማታ፣ ያ ሰዓት ሲደርስ፣ ሠራተኛ ሰፈር ባንድ ጓዳ
(ኋላ እንደ ሰማሁት)
ስድስት ሰው ይቀመጣል፤
ራዲዮው ስለ ምርት ዘመቻ ሲያገሣ፣
ከሥሩ፣ በሹክሹክታ፣ መዝሙር ይዘመራል።

ሐሙስ ዕለት መጣ፤ ጠቁሟል አንድ ሰው ሰዓቱን።
እጁ ወደ ኋላ በሲባጎ ታስሮ፣ ካፊያ አርሶት ኮቱን።
«ግራ እጅህን አንሣ! መፈክር አሰማ!» አለ ጓድ አብተው።
«ሁለቱም እጆቼ ተይዘዋል፣ ጌታዬ» አለ ሰውየው።
«ጌታ የሚባል የለም! ጓድ በል!» ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ።
«ጌታዬን አልኩ እንጂ፣ አንተን መች አልኩህ?» አለ።
ዘበኛው ሳቁን ሳል አስመሰለ።

«ያ ሰዓት ለምንድን ነው የሚሳሳተው?»
እግዜር ያሳያችሁ፣ አንድ ቃል በቃው!
«ተበላሽቶ» ቢል ቤቱ ይገባ ነበር፤
ብዕሬ ቀድማው «ተበ...» ብላ ጀምራ ነበር።
«አልተበላሸም» አለ፤ «የጸሎታችን ነው።»
«የት? ከነማን ጋራ?»
ዝም አለ።
ዝም ብሎ ወደ እኔ አየ፣
የቆመ ሰዓት ከፍቶ
የቱ ጥርስ እንደ ጎደለ እንደሚፈልግ።

እኔም ግራ ገባኝ፤ ዝምታ እንዴት ይጻፋል?
በካርቦን ላይ ቢጫኑት ወደ ታች መች ያልፋል?

ሌሊቱን ወፌ ላላ።
ከግድግዳው ወዲህ ነበርሁ፣ መዝገቤን ዘርግቼ።
የሰማሁት ድምፅ ሁሉ ስም አልነበረበትም።
ሲነጋ ወረቀት አቀረብሁለት፦
«እኔም ሰዓቴም ተሳስተን» ይላል፣ ሥሩ ላይ መፈረሚያ።
ዓይኑ አብጧል፤ እንደ ልማዱ አስጠግቶ አነበበው።
«የኔ ስሕተት ብዙ ነው፣ እሱን ተወው፤
ሰዓቱ ግን አልተሳሳተም። ሰርዝልኝ» አለ።
አልፈረመም።

ኪዮስኩ በሰም ታተመ፤
ሰዓቱ አሥራ አንድ ከሃያ ላይ ቆመ።
ስድስት ክረምት በዚያ ሳልፍ ቀና እላለሁ፣
እንደ ትኬት ቆራጯ።
ለምን እንደሆን ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም፤
ደግነቱ ጠያቂው እኛው ነበርን።

በጥር ወር አንድ ቀን ተመለሰ፤
በሸራ ጫማ፣ ተረከዙን መሬት ሳያስነካ።
ሰሙን በጥፍሩ ላጠው፤ ጥፍር ከቀረለት ጣት በአንዱ።
አቧራውን እፍ አለ። ሰዓቱን ሞላ።
ማዘጋጃ ቤቱ ዘጠኝ ሲል ከላይ፣
የእርሱ አሥራ ሁለት፣ ሩብ ጉዳይ።

መዝገቡ ብብቴ ሥር ነበር፣ ብዕሩ ኪሴ ውስጥ።
አልጻፍኩም።

ሰዓቱ ሲደርስ ሠራተኛ ሰፈር ወረድሁ።
ቤቱን አላውቀውም።
ከአጥር አጥር ጆሮዬን እየጣልሁ ሄድሁ፤
በየቤቱ ራዲዮ ያገሣል፣
በየቤቱ ስለ ምርት ዘመቻ።
የትኛው ሥር እንደሆን መለየት አቃተኝ።
እስከ ሰዓት እላፊ ድረስ ቆምሁ።